ከመጨረሻው ቀጥሎ ያለ ፌርማታ

«አውቶቡሱስ ደረሰ ወይ?» አላት ከአባቷ ጋር ሲሠራ የኖረው ሽማግሌ ትኬት ቆራጭ፣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ።

የአባቷ ለቅሶ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተለቃቀሙ ወንበሮች ተጣቧል፤ ሰዉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ደም ግፊት ያወራል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ ደም ግፊት የማያወራ የለም፣ ሟቹ በምንም ይሙት በምን።

«የቱ አውቶቡስ ጋሼ?»

«የአባትሽ ነዋ! ኮምፒውተሩ ላይ ያለው። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ድርግም ብሎ ይጥለናል እያለ ሲብሰለሰል ነበር። ‹ግድ የለም፣ ልጄ ቅዳሜ መጥታ ታስተካክለዋለች› አለኝ።» ከሻዩ ፉት አለ። «የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ እንጃ።»

ሰውየው ክፋት የለበትም፤ ያለውን ነው የተናገረው። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ሦስት ቅዳሜ አልፏል።

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ ቤቱ ጠበበው። እሷ ፕሮግራም ጸሐፊ ናት። አሮጌ ኮምፒውተሯን ከአንድ የአውቶቡስ መንዳት ጨዋታ ጋር ሰጠችውና «ጊዜ ማሳለፊያ ይሁንህ» ብላው ሄደች። እውነቱን ለመናገር፣ ስልክ መደወሉን ይቀንስልኝ ብላ ነበር።

ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር በር፣ ፍሬቻና ስፖኪዮ ለየብቻ መንካት አቃተው። ብዙ ትእዛዝ በአንድ ቁልፍ ማሰር እንደሚቻል፣ ስሙም ማክሮ እንደሚባል የሆነ ቦታ አነበበ። አሥራ አንድ ቀን ታገለና ደወለላት። «አንዴ ስነካው በሩ ይዘጋል፣ ፍሬቻው ይበራል፣ ስፖኪዮው ይታያል! ይኼን ሁሉ ዘመን ለካ በከንቱ ነው የለፋሁት!» ስብሰባ ላይ ነበረች። «ጎበዝ አባዬ» ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው። የጨዋታው ጎዳናዎች የሰው አገር ጎዳናዎች ናቸው፤ እሱ የፈለገው የራሱን መስመር ነው። በጨዋታው ላይ የሚጨመር ፕለጊን መጻፍ ጀመረ። ትኬት ቆራጩ አሥራ ሦስቱን ፌርማታዎች በቃሉ እየጠራለት፣ እሱ ፊደሉን በአንድ ጣት እየለቀመ። አሥራ ሦስተኛው እዚሁ፣ ደጃፋቸው ነው።

አንድ ቀን ፎቶ ላከላት። የኮምፒውተሩን መስኮት በስልኩ አንስቶ፣ ግማሹን በአውራ ጣቱ ሸፍኖታል። «ልጄ፣ መጨረሻው ላይ ይጥለናል። ሲመችሽ እይልኝ» ይላል። አውራ ጣቱን ለሥራ ባልደረቦቿ አሳየቻቸው። ሳቁ። እሷ ከሁሉም በላይ ሳቀች። ከዚያ «ቅዳሜ እመጣለሁ አባዬ» ብላ ጻፈችለት።

አሁን ብድግ አለች።

«ወዴት ነው? ሰው እያለ!» አለች አክስቷ።

«መጣሁ።»

ጓዳ ገብታ ኮምፒውተሩን ከፈተችና ኮዱን ማንበብ ጀመረች። ዝርክርክ ነው። በየመስመሩ መሀል ለራሱ ማስታወሻ ጽፏል፦ «እዚህ ጋ በር ክፈት። አሮጊቶቹን ጠብቅ።» ዝቅ ብሎ ደግሞ፦ «ይኼ ለምን እንደሚሠራ አላውቅም። አትንካው።» ሳቋ መጣ።

ስህተቱን ወዲያው አገኘችው። አውቶቡሱ ፌርማታ በደረሰ ቁጥር በር ከመክፈቱ በፊት የቀጣዩን ፌርማታ ስም ይጠይቃል። አሥራ ሦስተኛው ላይ ቀጣይ የለም። ማሽኑ የሌለውን ሲፈልግ ተሳፋሪውን እንደያዘ ይሞታል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ስህተት ነው ብላ ልታልፈው ነበር። አይደለም። አባቷ ከመጨረሻው ፌርማታ ቀጥሎ ያለውን ሠላሳ አንድ ዓመት ያውቀዋል፤ አዙሮ መመለስ ነው። በእሱ መስመር ላይ ቀጣይ የሌለው ፌርማታ ኖሮ አያውቅም።

አንዲት መስመር ጨመረች፦ ቀጣይ ከሌለ አትጠይቅ፣ በሩን ክፈት። ሰዓቷን አየች።

«አራት ደቂቃ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን መያዝ አልቻለችም። «አባዬ፣ አራት ደቂቃ እኮ ነው! አራት ደቂቃ ነው የነፈግሁህ!» ፊቷን በክንዷ ላይ ደፍታ፣ በቀብሩ ቀን ልታለቅስ ያልቻለችውን ሁሉ አለቀሰች።

በሩ ሲከፈት አልሰማችም። እናቷ ናት። የኮምፒውተሩን መስኮት አየች፣ ልጇን አየች። ከጥግ ዱካዋን ስባ ከኋላዋ ተቀመጠች።

«እዚህ ነበር የምቀመጠው» አለች። «‹ተሳፋሪ ከሌለ አልነዳም› ይለኛል። ሽንኩርቴን ይዤ እመጣለሁ። ልክ ቤታችን ጋ ስንደርስ ድርግም! እንደገና ከጋራዡ ይነሳል። ሰው አይሰለቸውም?»

«እማዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው…»

«ንጂ።»

«እማዬ…»

«ንጂ አልኩሽ።»

ነዳች። ዳቦ ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ድልድዩን አለፉ። ሳሎን ውስጥ አዲስ ለቀስተኛ ገብቶ ዋይታው ከፍ አለና ተመልሶ ረገበ። አሥራ ሁለተኛው። አሥራ ሦስተኛው። አውቶቡሱ ግራጫ አጥር ሥር ቆመ፤ ድርግም አላለም። በሩ ተከፈተ። ሞተሩ እያጉረመረመ ጠበቀ።

ልጅቷ ዞር ለማለት ፈራች።

«ወራጅ አለ» አለች እናቷ፣ ቀስ ብላ።

ግን አልተነሳችም። ከፊቷ ያለውን የልጇን ወንበር መደገፊያ በሁለት እጇ ጨብጣ ይዛ ቀረች።