ደህና ናት

ኦይታ ከካምባ በጭነት መኪና የመጣው በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምህረት፣ ማትሪክ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። አርባ ምንጭ እንደ ወረደ በትምህርት ቤቱ በር ቆሞ የእንግሊዝኛውን መምህር አለምሰገድን አስጠራ።

"ወርቂቱ የእህቴ ልጅ ናት" አለ። "እናቷ አልጋ ይዛለች። ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዷት ብሎናል።"

መምህሩ የዚህን ትርጉም ያውቃል።

"ልጇን ትጠራለች?"

"ጠዋትም ማታም።"

"ታዲያ ይውሰዷት እንጂ!"

"ፈተናው ሰኞ ነው። መኪናው በሳምንት አንዴ ነው። ሄደች ማለት ቀረች ማለት ነው። ከዘራችን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ማን አለ? መምህር፣ ከጠየቀችዎ ደህና ናት ይበሏት። እኔ ፊቷን ካየሁ አልችልም።"

መምህሩ መሬት መሬት እያየ ቆየ። ኦይታ ዝምታውን እሺታ አድርጎ ወሰደውና ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚያው መኪና ተመለሰ።

በማግስቱ የክለሳው ትምህርት የሰው ጠባይ ነበር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የእንግሊዝኛ ቃላት ደረደረ። ላየር። ዲስኦነስት። ቱ ፌስድ። ኢቬሲቭ።

"ቱ ፌስድ እንደ ይፍሩ ነው፣ ለሁለት ሴት ደብዳቤ የሚጽፍ!" አለ አንዱ ከኋላ።

"አትቀንስብኝ፣ ለሦስት ነው!" አለ ይፍሩ። ክፍሉ ሳቀ።

ወርቂቱ ከፊት ተቀምጣ ወደ ደብተሯ ትገለብጣለች። "ቲቸር፣ ኢቬሲቭ ምንድን ነው?"

"ሲጠይቁት ሌላ የሚያወራ።"

"ከውሸታሙ ከላየር ይሻላል?"

"ለፈተና ሁለቱንም ያዢ" አለ።

ደወል ሲደወል ተከተለችው።

"አጎቴ እርስዎ ጋ መጥቶ ነበር አሉኝ። እናቴ አሟት ነው? እውነቱን ይንገሩኝ ቲቸር። አሁን በእግር ብነሳ በገረሴ በኩል ቅዳሜ ማታ እደርሳለሁ። ማትሪክ ለከርሞም አለ።"

ጣቱ ላይ የቀረውን ጠመኔ ጠራረገ።

"ደህና ናት። አጎትሽ ለማዳበሪያ ነበር የመጣው። መኪናው እንዳያመልጠው ቸኩሎ ሄደ።"

"እውነት?"

"እውነት።"

ፊቷ በራ። ሮጣ ወደ ጥናቷ ሄደች።

ፈተናው ሐሙስ አለቀ። ዓርብ ጎህ ሲቀድ ኦይታና ሁለት ሽማግሌዎች የተከራየችውን ክፍል አንኳኩ። ለመርዶው መምህሩንም ይዘውት መጥተዋል። ወርቂቱ ገና ስታያቸው ገባት። መሬት ላይ ወደቀች። ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች።

"መቼ ነው?" አለች በመጨረሻ።

"እሁድ" አለ ኦይታ። "ቀትር ላይ።"

ወርቂቱ በጣቷ ቆጠረች። ቅዳሜ ማታ። እሁድ ቀትር። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረች።

"አጎቴ እርስዎንም ዋሽቶዎታላ! ደህና ናት ያለዎት እሱ ነው አይደል?"

ኦይታ ቀና ብሎ መምህሩን አየው። ሽማግሌዎቹም አዩት።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ" አለ መምህሩ።

እጁን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ቀን በኋላ አጎቷን አላነጋገረችም።