የምንያህል መኪና ድምፅ

ጋሽ ደባልቄ መኪናዋን ጋራዤ አስገብተው «ሁንዴሳ፣ ይችን ጩኸት አጥፋልኝ» ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ጩኸቱን ያመጣው ልጃቸው ምንያህል ነው። መኪናዋ አሮጌ ቱርቦ ናት፤ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ የታፈነውን አየር በጎን አዙራ የምትመልስ ትንሽ ቫልቭ ነበረቻት። ምንያህል ቫልቯን አውጥቶ ቀዳዳውን ከጎማ በቆረጠው ውታፍ ደፈነው። ከዚያ ወዲህ አየሩ መውጫ ሲያጣ ወደ ቱርቦው እየተመለሰ «ቹ ቹ ቹ» ይላል። «ቱርቦውን ትበላዋለህ፣ አንተ ደረቅ!» ብዬ ስጮህበት ይስቅብኝ ነበር። አሶሳ ውስጥ ያንን ድምፅ የማያውቅ ባለባጃጅ የለም።

ባለፈው ክረምት ምንያህልን ወባ ወሰደብን። በሕይወት እያለ ስለምነው እምቢ ያለኝን ሥራ፣ አሁን ሞቶ ልሥራው?

«ምነው ጋሼ፣ አሁን ምን አስቸኮለዎት?» አልኳቸው።

«እናቱን፣ አስረሳሽን ልገድላት ነው። አመሻሽ ላይ ከባምባሲ ስመለስ፣ ሰፈራችን ያለው ማንጎ ዛፍ ጋ ስጠመዘዝ ድምፁን ትሰማለች። ‹መጣሁ፣ ምንዬ!› እያለች ሮጣ በሩን ትከፍታለች። ከዚያ እኔን ታያለች።» «ያንን ፊት የማየው እኔ ነኝ፣ ሁንዴሳ።»

ኮፈኑን ከፈትኩ። አንድ ቀን ልብ ይገዛል ብዬ ቫልቯን አስቀምጫት ነበር። ላስቲኳ እንዳልተቀደደ በአፌ ስቤ አየሁ። የልጁን ውታፍ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩና ቫልቯን ቦታዋ መለስኳት፤ ማሰሪያዎቹን በካቻቢቴ አጠበቅኩ።

ልንሞክራት አብረን ወጣን። ማንጎው ጋ ስንደርስ ጋሽ ደባልቄ እግራቸውን ከነዳጅ አነሱ። ምንም የለም። ሌላ ቀን ቢሆን በሥራዬ እኮራ ነበር።

የግቢው በር ዝግ ነው። ክላክስ ሲያደርጉ እትዬ አስረሳሽ ከፈቱና መኪናዋን ትክ ብለው አዩ።

«ምን ሆነች?»

«አሠራኋት» አሉ ጋሽ ደባልቄ። «እንዳትደነግጪ ብዬ።»

«እብድ መሰልኩህ?» አሉ እትዬ አስረሳሽ፣ በሩን ይዘው። «ልጄን መቅበሬን የረሳሁ መሰለህ? አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ እኮ! ግን ከማንጎው እስከ በሩ ድረስ ልጄ ነበር የሚመጣው። የቀረችኝ ያቺ መንገድ ብቻ ነበረች።»

ጋሽ ደባልቄ ወደ እኔ ዞሩ። «ቫልቯን አውጣት።»

ቱርቦው ይበላ፣ ገደል ይግባ! እዚያው ግቢ ውስጥ ቫልቯን ፈትቼ ውታፉን መልሼ ከተትኩ። ማሰሪያው ሁለቴ አመለጠኝ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሆን ብዬ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ማንጎው ጋ ስንደርስ እግራቸውን አነሱ። «ቹ ቹ ቹ» አለ፣ ልክ እንደ ድሮው። ጋሽ ደባልቄ፣ እትዬ አስረሳሽ ሮጠው እስኪከፍቱ ጊዜ እንዲያገኙ ብለው መኪናዋን በዝግታ ነዷት።

በሩ ዝግ ነበር። ክላክስ ሳያደርጉ ጠበቁ፤ እኔም አዳመጥኩ። ከቆይታ በኋላ ቀስ ብሎ የሚጎተት የነጠላ ጫማ ድምፅ ወደ በሩ መጣ።

«መጣሁ፣ ደባልቄ» አሉ ከውስጥ።