አሥራ አንድ ብሎን

አናጺው በሰው ቤት ወለል ሲያነጥፍ አርባ ዓመት ኖሯል። ጉልበቱ ሲከዳው አርፎ ተቀመጠ። ከተቀመጠ ወዲህ ሥራው የሌላ ሰው እጅ ማየት ነው።

ልጁን ያገባት ሴራሚክ ሠራተኛ ነው። ሳያስፈቅዱት ተጋቡ። አናጺው ሰውየውን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ሲሚንቶ» ይለዋል። የተከራዩት ቤት ሲፈርስባቸው፣ ልጅቱም የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ስትሆን፣ መግቢያ አጡና ወደ እሱ መጡ። በሩን ከፈተላቸው። ሳይቀመጡ እንዲህ አላቸው።

«ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ወለሉ ባዶ ሊሾ ነው። እንጨቱ ተገዝቶ በካርቶን ተቀምጧል። ሲሚንቶ ያንጥፈው። ክረምቱ እስኪወጣ ተኝቶ ከቆየ ክፍሉ የእናንተ ነው፤ ከሞትኩም በኋላ። ከተነሣ ግን እሱ ይወጣል። እጅ የሌለው ወንድ ቤቴ አያድርም።»

«እኔስ?» አለች ልጅቱ።

«አንቺ ልጄ ነሽ። የት ትሄጃለሽ?»

ሴራሚክ ሠራተኛው ሳቀ። «አባባ፣ ስንት ሕንፃ ሙሉ ሴራሚክ ያነጠፍኩ ሰው ነኝ። አንድ ክፍል ያቅተኛል?»

«እናያለን፣ ሲሚንቶ።»

ባልየው ዕቃ ሊያመጣ ሲወጣ አናጺው ልጁን ጠራት። «አንድ ቃል ትንፍሽ ብትዪለት ውሉ ፈረሰ። በእጁ ይግባ፤ በአንቺ አፍ አይደለም።»

«እሺ» አለች።

ለምን እንዳስጠነቀቃት ገብቷታል። እናቷ ስለሞተች ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አባቷ ሥራ በሄደበት ሁሉ ትከተለው ነበር። መዶሻ ታቀብላለች፣ ሳንቃ ትለካለች፣ በኋላ በኋላም ራሷ ትገጥማለች። ትምህርት ቤት «አናጺዋ» እያሉ ስለሳቁባት፣ ካደገች ወዲያ ለማንም አላወራችውም። ለባሏም።

እንዲህ ያለው ወለል የራሱ ጠባይ አለው። ሳንቃዎቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ እንጂ ከሊሾው ጋር አይጣበቁም፣ አይመቱም። ከሥራቸው ያለው ስስ ስፖንጅ ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ዙሪያውን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተውለታል። በግድግዳው በኩል ክፍተቱን ግርጌው ላይ የሚለጠፈው ዞኮሎ ይሸፍነዋል። በበሩ ሥር የሚሸፍነው መሸጋገሪያ እንጨት ነው። መሸጋገሪያው በክፍተቱ ውስጥ ከሊሾው ጋር ይታሰራል። ሳንቃውን ወግቶ ከሊሾው ጋር ያሰረው ሰው፣ ወለሉን በምስማር እንደ ቸነከረው ይቆጠራል፤ ሲሰፋ መሄጃ ያጣና ከመሐል ይነሣል።

ሴራሚክ ሠራተኛው ሦስት ቀን ሠራ። ደህና አድርጎ ሠራ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል እያየ በግድግዳው ዙሪያ ክፍተቱን ተወ። አናጺው በየቀኑ በዱላው እየተደገፈ ደረጃውን ይወጣና ኮሪደሩ ላይ ይቀመጣል። አይናገርም። ያያል።

ክፍሉ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ ኮሪደሩ፣ ሌላው ከሱ ትይዩ ወደ ትንሿ መኝታ ቤት። በሦስተኛው ቀን ሰውየው የመሸጋገሪያውን የብረት ሐዲድ በክፍተቱ ውስጥ ከሊሾው ጋር አሰረ፤ እንጨቱንም ከላይ ተጭኖ ሐዲዱ ውስጥ አስገባው። እስከዚህ ድረስ ስሕተት አልነበረውም። ከዚያ በእግሩ ረገጠው። እንጨቱ ትንሽ ተነቃነቀ።

«ይሄ ነገር ይንቀሳቀሳል» አለ። ለሴራሚክ ሠራተኛ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ነገ የሚሰነጠቅ ነው። ሚስቱን አያት። «በዚህ ሆድሽ ጠልፎ እንዳይጥልሽ።»

«ደህና እኮ ነው፣ ተወው» አለች።

«አይ፣ ልሰረው።»

ልጅቱ አባቷን አየችው። አባቷም አያት። አፏን ዘጋች።

ሰውየው መሰርሰሪያውን አነሣ። መሸጋገሪያውን በስቶ፣ ሳንቃውን በስቶ፣ ሊሾው ድረስ ወረደ። የመጀመሪያውን ብሎን ሊያስገባ ሲል አናጺው በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

«አጭር ነው። ሊሾውን አይዝልህም። ረዥሙ ከኔ ሣጥን ውስጥ አለ።»

«አባባ፣ ዛሬስ ወደዱኝ መሰለኝ!»

«ሥራህን ሥራ።»

ስድስት በኮሪደሩ በር፣ አምስት በመኝታ ቤቱ በር አስገባ። የብሎኖቹን ራስ አሰጠመ። ቀዳዳውን የእንጨቱን ቀለም በሚመስል ሰም ደፈነና በጨርቅ አሸው። አናጺው ጎንበስ ብሎ ፈለጋቸው። አንዱንም አላገኘም።

«እጅህ ይባረክ» አለው።

ሲመሽ ባልየው ደስታው አላስቀምጥ አለው። «ሰማሽ? በገዛ አፉ እጅህ ይባረክ አለኝ እኮ! ድንጋይ ነው ስትዪኝ።»

ልጅቱ ሳህን እያጠበች ነበር። «ሰማሁ» አለች። አልዞረችም።

ዝናብ ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልሆነም። ልጅቱ ጠዋት ጠዋት ባሏ ሳይነሣ በባዶ እግሯ ወለሉን ትዳስሳለች። በሦስተኛው ሳምንት መሐሉ ላይ ስትረግጥ ከሥሩ ባዶ ድምፅ ሰጣት። ልብስ የሞላ ሻንጣ አምጥታ ጫነችበት። ባሏ «ምነው መሐል ቤት?» ሲላት፣ ጎንበስ ማለት እንደከበዳት ነገረችው። በስድስተኛው ሳምንት ሻንጣው ራሱ ዘመመ።

አናጺው በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ወጣ። ሻንጣውን በዱላው ገፋ። እብጠቱን መታ መታ አደረገው።

«ሲሚንቶ፣ ና እስቲ። ያረገዘችው ሚስትህ ብቻ መስላኝ ነበር።»

ሰውየው ተንበርክኮ በሁለት እጁ ተጫነው። እዚህ ሲወርድ እዚያ ተነሣ። ወደዚያ ሄዶ ተጫነው። ወደዚህ ተመለሰ። ላብ አጠመቀው።

«እርጥበት ነው… እንጨቱ ነው መሰለኝ…»

«እንጨቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

«አባባ፣ ልጁ እስኪወለድ እንኳን።»

«ውል ውል ነው።»

ሰውየው ከዚህ በላይ አልለመነም። ልብሱን ሊሰበስብ ሻንጣውን ይዞ ወደ መኝታ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ልጅቱ ወደ አባቷ ዞረች። «ከተነሣ ይወጣል ነው ያሉት። እሱ ሳይወጣ ወለሉን ተኝቶ ቢያገኙትስ?»

አናጺው አሰብ አደረገ። ብዙ አልቆየም።

«ካቻቢቴው ታች መሳቢያ ውስጥ ነው» አለ። «አምጪው። እሱ ሳይወጣ ወለሉ ከተኛ፣ እኔ አላስወጣውም።»

ልጅቱ እያለከለከች አመጣችው። ሆዷ እያስቸገራት ተንበረከከች። ሰሙን በምስማር ጫፍ ጫረችው፤ አንድም ቦታ አልሳተችም። የኮሪደሩን በር ስድስት ብሎኖች ስታወጣ ወለሉ አቃሰተ። የመኝታ ቤቱ በር ሥር ተንፏቅቃ ሄደች። አራተኛው ሲወጣ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ቋ ብሎ ወረደ። አምስተኛውን አወጣች። መሸጋገሪያዎቹን ነቅላ ሐዲዱ ላይ፣ እንጨቱ በሚነቃነቅበት ቦታ፣ ስስ የካርቶን ቁራጭ አነጠፈችና መልሳ ተጫነቻቸው። ረገጠቻቸው። ንቅንቅ አላሉም። ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም።

«ና እይ!» ብላ ጮኸች። «ተኛ! ወለሉ ተኛ! መሄድ የለም!»

ባሏ ሻንጣውን እንደያዘ ወጣ። ወለሉ ላይ ወዲህ ወዲያ ተመላለሰ። ፊቱ በራ። ከዚያ መዳፏ ላይ ያሉትን ብሎኖች አየ። የተጫረውንም ሰም አየ።

«እኔ ራሴ የት እንዳሉ አላገኛቸውም ነበር» አለ። «ማን አሳየሽ?»

አባቷ ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበሩ መለሰላት።

«ማን ያሳያታል? ይሄ የሃያ ዓመት እጅ ነው፣ ሲሚንቶ። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ከኔ ጋር ስታነጥፍ ነው ያደገችው። አልነገረችህም እንዴ?»

ሰውየው ሚስቱን አያት። «እዚህ ቆመሽ ታዪኝ ነበር።»

«ከተናገርሽ ውሉ ፈረሰ አሉኝ። ዝናቡ ይቀላል ብዬ…»

«አሥራ አንዱንም አየሽ?»

ብሎኖቹን መዳፏ ውስጥ ጨበጠቻቸው።

«ክፍሉ ያንተ ነው» አለ አናጺው። «ቃሌን አላጥፍም። ተቀመጥ።»

ሰውየው ሻንጣውን ትከሻው ላይ አደረገ። መሸጋገሪያውን ሳይረግጥ ተሻግሮ ደረጃውን ወረደ።

ልጅቱ ተከተለችው። ሆዷን ደግፋ፣ በየደረጃው እየቆመች ነው የወረደችው። ታች ስትደርስ የውጭው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መንገዱ ላይ ዝናቡ ብቻ ነበር። ስሙን ጠራች። ደግማ ጠራች። ብሎኖቹ አሁንም እጇ ውስጥ ነበሩ።

«በሩን ዝጊው» አለ አባቷ ከላይ። «እርጥበት ይገባል።»