የአርቪድ እጅና የቅዳሜው ካርታ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እኔና ባሌ ዴል ከጎረቤቶቻችን ከአርቪድና ከሚስቱ ከቨርና ጋር እነሱ ቤት ካርታ እንጫወታለን። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ እኛ ሴቶቹ በሌላው። አርቪድ ፓርኪንሰን የሚሉት የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ከያዘው ወዲህ ካርታ በጣቶቹ ዘርግቶ መያዝ አቅቶታል። ዴል ከትራፊ ጣውላ ማቆሚያ ሠራለት። ትንሽ ጠማማ ነው። ዴል የሠራው ሁሉ ጠማማ ነው።

ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ዳሩን በረዶ በሠራበት አንድ ቅዳሜ፣ ቨርና ገና ኮቴን ሳላወልቅ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ።

«ኮኒ፣ ካርታው ከዛሬ በኋላ ይብቃን።»

«ምነው? እያሸነፍን እኮ ነው።»

«ቀልዱን ተዪ። የአርቪድን ፊት አታዪውም? ሳቅ የለ፣ ንዴት የለ። ለእኛ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ጨዋታው ደስ ይልሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።»

«ምን አለሽ?»

«ለእኔ ያው ነው አለኝ።»

የበረዶውን ወራት ሙሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ስለ ሾርባው ያው ነው፤ ልጁ ስትደውልም ያው ነው፤ ውሻው የሞተ ቀንም ያው ነው። ፊቱ እንደ ሐይቁ ዳር በረዶ ደርቋል።

ተቀመጥን። ዴል በውዞ አደለ። አርቪድ ካርታዎቹን አንድ በአንድ ማቆሚያው ላይ ሰካ። ቀኝ እጁ ጠረጴዛው ላይ እንደወትሮው ይርገበገባል። የመጨረሻውን ሲያነሳ ግን ጠረጴዛው አብሮት ተንቀጠቀጠና ማንኪያዬ ስኒው ውስጥ መንጫጫት ጀመረ።

እኔ ይህን ምልክት አውቀዋለሁ። ደህና ካርታ ሲደርሰው ነው። ስናሸንፍ የከረምነውም በዚሁ ነው። አሁን ግን ዝም ብል ጨዋታው ሊቀር ነው።

«ቨርና፣ ፊቱን ተዪውና እጁን እዪ። ትልቁ ካርታ እሱ ጋ ነው።»

ቨርና አየች። «ሲጨነቅም እኮ ይብስበታል» አለች ቀስ ብላ።

«ያው ከሆነበት ምን ያስጨንቀዋል?»

አርቪድ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። ፊቱ አልተነቃነቀም።

«አንቺ ሌባ» አለ፣ በሽታው ባደከማት፣ በቅጡ በማትሰማ ድምፁ። «ለካ በዚህ ነው የምትበዪኝ።»

«ራስህ እየነገርከኝ!»

«ዴል፣ እንደገና አድል።»

ከዚያ ቀኝ እጁን ጭኑ ሥር ከተተና ተቀመጠበት።

በግራው ብቻ ተጫወተ። ምኑም አልታወቀኝም። አሸነፉን፣ ደግመው አሸነፉን። ውጭ በረዶ ጠራጊው መኪና መጣ፣ ሄደ። ቨርና የራሷን ካርታ ረስታ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ከአርቪድ ሥር ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ይላል።

እኔና ዴል ኮቶቻችንን ስናነሳ ቨርና፣ ገና እጁ ላይ እንደተቀመጠ ያለውን አርቪድን ጠየቀችው።

«ለሚመጣው ቅዳሜ ምን ልጋግር?»

«ለእኔ ያው ነው።»

እሷ ግን ፊቱን አላየችም። ወንበሩን ነበር የምታየው። ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ማለቱን አላቆመም።