የሸክላ ሠሪው ደረጃ

ላቀው ዳናን የሰደበው ጥር ዐሥራ ስድስት ቀን ሰባ ሦስት ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዳናም ሰዓቱን እንኳ አልረሳም። ሁለት ዓመት አልፎ ዛሬ ያ ሰው ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዳናም ሲቀላ ሠፈር፣ የሟቹ ግቢ፣ ዳሱ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሴቶቹ የታገደችውን ቤተ ክርስቲያናቸውን መዝሙር ቀበሌው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ቀንሰው ይዘምራሉ።

«መጣህ እንዴ?» አለው የላቀው የቢሮ ባልደረባ አስናቀ፣ ወንበሩን ወደሱ እየሳበ። «እኛማ ቀረ ብለን ነበር።»

«ለቅሶ ይቀራል?»

ጨዋታውን የፈጠረው ላቀው ነበር። በቢሮ ወረቀት ጀርባ ላይ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች፣ የጨንቻንም ዳገት ስሎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹን ይሰበስባል። ተጫዋቹ መደቡን ይመርጣል፤ አዳኝ፣ ሸማኔ፣ ወታደር፣ ሸክላ ሠሪ። የባቄላ ክክ ተበትኖ፣ በጀርባው በወደቀው ብዛት ልክ የበቆሎ ፍሬውን ያራምዳል። አዞ የገደለ ነጥብ ያገኛል፤ ዐሥር ነጥብ አንድ ደረጃ ያወጣል፤ በየደረጃው አዲስ ችሎታ ይጨመርለታል። ዳና ሁልጊዜ የእናቱን ሙያ፣ ሸክላ ሠሪውን ነበር የሚይዘው። የአዞውን አፍ በጭቃ መድፈን የሚለውን ብልሃት ያወጣው እሱ ራሱ ነው።

ያን ቅዳሜ ዐሥር ነጥብ ሞልቶለት ወደ አራተኛ ደረጃ ሊወጣ ሲል ላቀው እጁን ያዘው።

«ሸክላ ሠሪ ሦስተኛ ላይ ያበቃል።»

«አዳኙ ዘጠነኛ ደርሶ የለም እንዴ?»

«ወንድሜ፣ ጭቃ የሚያቦካ ሰው ደግሞ ወዴት መውጣት ያምረዋል?»

ሳቁበት። ከሁሉም አስናቀ ነበር አብዝቶ የሳቀው። በዚያው ጠዋት ቀበሌ ስብሰባ ላይ «ሰው ሁሉ እኩል ነው» ብሎ ያስጨበጨበው ይኸው ላቀው ነበር። ዳና ተነስቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዙን እያጠጣ ሁለት ዓመት ጠበቀው። አንዲት የይቅርታ ቃል ነበር የፈለገው። ከሲቀላ ኩልፎ ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም።

«ስማ፣» አለ አስናቀ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ «አንተ በቀረህ በሳምንቱ ያንን ሕግ ሰረዘው እኮ።»

«የቱን?»

«የሸክላ ሠሪውን ነዋ! አሁን እንደ ሁሉም እስከ ዐሥር ይወጣል። ማን የሚጫወተው ይመስልሃል? እኔ! ዘጠነኛ ነኝ። የአዞውን አፍ በጭቃ ስደፍነው ማን ይችለኛል!»

ዳና ወደሱ ዞረ። «ለምን አልነገረኝም?»

«ሊነግርህ ነበር። "ቅዳሜ ኩልፎ እወርዳለሁ" ይላል፤ ቅዳሜ ሲደርስ ጨዋታው ይጀመራል።»

ይኸው ነው እንግዲህ። ለጨዋታ ጊዜ ነበረው።

የሟቹ እህት ልክነሽ የቡና ቅጠል የተፈላበትን ቅል ይዛ መጣች። እንደ አገሩ ወግ አንዱን ቅል ለብዙ ይቀባበሉታል። አስናቀ ጠጥቶ ወደ ዳና ዘረጋው፤ ዳናም እጁን ሰነዘረ። ልክነሽ ከመሃል ቅሉን ወሰደችና ለወዲያኛው ሰው ሰጠች። ለዳና ጫፉ የተሸረፈ ቅል ከጓዳ ለብቻው አመጣችለት።

«ያንተ ይኸ ነው፣ ዳና።»

በክፋት አላለችውም፤ እንደ ልማዷ ነው። መጠጡ የፈላው እናቱ በሠራችው ማሰሮ ነበር። ማሰሮውን አልተጠየፉትም።

አስናቀ ሁሉንም አየ። ዘጠነኛ ደረጃ የደረሰው ሸክላ ሠሪ አስናቀ አፉን ጠረገና መሬት መሬት አየ።

«ቅዳሜ ና እንግዲህ፤» አለ። «ለላቀው መታሰቢያ እንጫወታለን። ሸክላ ሠሪውን ከፈለግህ እለቅልሃለሁ።»

ዳና ቅሉን ሳይቀምሰው አስቀመጠ። የሟቹን ሚስት ሉሊትን እጇን በሁለት እጁ ይዞ አጎነበሰ። እሷም ጥቂት ያዘችው። ከዚያ ወደ መውጫው አመራ።

«ትመጣለህ ወይ?» አለ አስናቀ ከኋላው።

ዳና የቆርቆሮውን በር፣ ለቀስተኛውን እንዳይረብሽ፣ በመዳፉ ደግፎ ቀስ ብሎ ዘጋውና የኩልፎን መንገድ ያዘ።