ከሥልጠናው በኋላ ትመለሳለች

ሥልጠና የሚለውን ቃል ስሰማ ቋቅ ይለኛል። ዱሮ እንዲህ አልነበርኩም። አሶሳ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል መምህርት ነኝ፤ ይታይሽ እባላለሁ። ለእኛም፣ ለረዳቶቻችንም፣ ለዘበኛውም ሳይቀር ሥልጠና ይሰጥ እያልኩ በየስብሰባው ስጨቀጭቅ የኖርኩት እኔው ነኝ። «ይታይሽ እጇን ካወጣች ሥልጠና ልትጠይቅ ነው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። የለመንኩትን አገኘሁ።

ነገሩ የተጀመረው በነዕማ ነው። ነዕማ የክፍሌ ተማሪ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ቀጭን፣ ሳቂታ። ነገር ቶሎ አይገባትም፣ አንዴ ከገባት ግን ከእንቅልፏ ብትቀሰቅሷትም አትረሳውም። ፊደል ጀምራ «በ» ላይ ደርሳ ነበር፤ «በ»ን ባየችበት ሁሉ፣ በሱቅ ማስታወቂያም በባጃጅ ጀርባም ላይ፣ እየጠቆመች ትጮኻለች። የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ ቢሆንም አልፎ አልፎ ይጥላታል።

ጥቅምት ላይ ጠዋት በሰልፍ ሰዓት፣ ባንዲራ እየተሰቀለ ጣላት። ልጆቹ ጮኸው ተበተኑ፤ መምህራኑ ደግሞ ከልጆቹ ቀድመው ተበተኑ። እኔ ከክፍል ሮጬ እስክደርስ ድረስ ያቺ ልጅ ሜዳው መሀል ብቻዋን ስትንፈራገጥ ነበር። ከተማሪ እስከ አስተማሪ ዙሪያዋን ከቦ ከሩቅ ያያል። ለሃጯ የነካው ሰው በሽታው ይጋባበታል ይባላላ! ዲግሪ ያለውም እንዲያው ነው የሚያምነው፣ ብቻ አፍ አውጥቶ አይናገረውም።

በማግሥቱ ርዕሰ መምህራችን ወንደሰን እናቷን አስጠራት። ፊት ለፊት አቶ ወንደሰን ነው የምለው፤ እዚህ ግን አቶውን አልጨምርለትም። አፉ ቅቤ ነው።

«እናት፣ ልጅሽን አላባረርንም» አላት። «ሠራተኛው አልሠለጠነም፣ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል? ሥልጠና እየመጣ ነው። ከሥልጠናው በኋላ ትመለሳለች።»

የነዕማ እናት ብኸይታ ገበያ ውስጥ ከርከዴና በርበሬ የምትሸጥ የበርታ ሴት ናት። አማርኛዋ ለገበያ ይበቃል፣ ለርዕሰ መምህር ቢሮ ግን አይበቃም፤ ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነው የምትለው። ፊቱን አየች፣ የእኔን ፊት አየች፣ «ኢንሻአላህ» ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ ገበያ ባገኘችኝ ቁጥር ሰላምታዋ አንድ ሆነ።

«መምህር፣ ሥልጠና መጣ?»

«ገና ነው፣ ብኸይታ።»

«ነዕማ ይጠይቃል። በየቀኑ ይጠይቃል።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብን። ኅዳር አለፈ፣ ጥርም አለፈ። ጎረቤት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ነዕማ በር ላይ ቆማ ትሸኛቸዋለች፣ ሲመለሱ ደግሞ ደብተራቸውን እየገለጠች «በ» ትፈልጋለች። ይህን የነገረችኝ እናቷ ናት፤ እኔም ሰምቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መጋቢት ላይ፣ አሶሳ እንደ ምጣድ በጋለችበት ሰሞን፣ ሥልጠናው መጣ። ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ላይ የሚሠራ አንድ ድርጅት ለከተማው ትምህርት ቤቶችም ደረሰላቸው። የሆቴል አዳራሽ ተያዘ፣ ባነር ተሰቀለ፤ «አካቶ» የሚለው ቃል ከሰው ቁመት በላይ ተጽፏል። እውነት እላለሁ፣ ባነሩን ሳይ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

አሠልጣኙ ገመቺስ የሚባል ነርስ ነበር፣ የባምባሲ ልጅ፣ አሁን አዲስ አበባ የሚሠራ። ጎበዝ ነው። ጥፋት ካለ የእሱ አይደለም፣ አስቀድሜ ልናገር። ገና ሲጀምር ጠየቀን።

«ሰው ሲጥለው ምን ታደርጋላችሁ?»

አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ክብሪት!» አለ። አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰው ሲጥለው ክብሪት ይጫራል፣ ጭሱ አፍንጫው ሥር ይያዛል፣ በሽታው በጭሱ ይለቀዋል ይባላል። ከመሀላችን ይህን ሲያደርግ ያላደገ የለም።

ገመቺስ ሳቀ። «ክብሪት ምድጃ ላይ ነው ሥራው። በሉ፣ ዛሬ ክብሪቱን እዚህ ጥለን እንሂድ» አለ። ከዚያ አስተማረን። በጎን ማስተኛት። ከጭንቅላቷ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ። አፏ ውስጥ ምንም ነገር አለመክተት፣ ማንኪያም ሆነ ጣት። ሰዓት ማየት። እስክትነቃ አጠገቧ መቆየት። ለሃጭ ለሃጭ ነው፣ የሚጋባ ነገር የለውም። ደግሞ ደጋግሞ ነገረን፣ እኛም እንደ ሕፃን ተከትለን አልነው።

ቀጥሎ በተግባር ተሠራ። ረዳታችን ኮከብ ምንጣፉ ላይ ወድቃ እንደታመመ ሰው ተንፈራገጠች፤ ስታስቅ የተወለደች ናት፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወንደሰን ተነሣ። ኮቱን አወለቀ፣ አጣጠፈ፣ ከጭንቅላቷ ሥር አደረገ። በጎኗ አስተኛት። ተንበርክኮ «አይዞሽ፣ አጠገብሽ ነኝ» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባት ልጁን እንደሚያባብል። ገመቺስ «እንዲህ ነው!» አለ፤ የዝናብ ጭብጨባ ይደረግለት ተባለና በአንድ ጣት ጀምረን በመዳፍ ጨረስን። እኔ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አምኜው ነበር።

የዚያኑ ዕለት ከአዳራሹ ወጥቼ በቀጥታ ገበያ ሄድኩ።

«ብኸይታ፣ ሥልጠናው ነገ ያልቃል። ነዕማ ሰኞ ክፍል ትገባለች።»

«ወላሂ?»

«እውነቴን ነው።»

ከከርከዴው በሁለት እጇ ዘግና ቦርሳዬ ውስጥ ጨመረችልኝ፤ አይሆንም ብላት እጄን መታችኝ።

በመዝጊያው ቀን ወንደሰን ነዕማን ከነእናቷ አምጪያቸው አለኝ። «የሥልጠናውን ፍሬ የክብር እንግዳው በዓይናቸው ይዩት፤ ፎቶም እንነሣለን።» ደስ አላለኝም። ልጅቷን ማስተማር ሌላ፣ ልጅቷን ለእንግዳ ማሳየት ሌላ። ግን ሰኞ ትገባለች ብዬ ጥርሴን ነክሼ አመጣኋቸው። ነዕማ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ፀጉሯ ተሠርቶ መጣች። እጇ ላይ አበባ አስያዟትና ፊት ለፊት፣ ከእንግዳው ወንበር ትይዩ አስቀመጧት። እናቷን ግን ወንበር ተይዟል ብለው ውጪ ማንጎ ዛፍ ሥር አስቀሯት። እኔን ከኋላ በር አጠገብ የሠልጣኝ መታወቂያ እንዳድል አደረጉኝ።

ገመቺስ አውሮፕላኑ እንዳያመልጠው ከምሳ በኋላ ሁላችንንም ጨብጦ ሄደ። እንግዳው ዘገየ። መብራት ጠፋ፣ ፋኑ ቆመ፣ አዳራሹ ታፈነ። ነዕማ አበባውን በሁለት እጇ ይዛ ሳትነቃነቅ ተቀምጣለች፤ እንዳትነቃነቂ ተብላለቻ። እንግዳው መጣ፣ አበባውን ሳይቀበል ወደ መድረክ ወጣ፣ ንግግሩን ጀመረ። «ማንንም ወደ ኋላ ሳንተው» እያለ ሳለ አበባው ሲወድቅ አየሁ። ቀጥሎ ነዕማ ወደቀች።

አሁን እንግዲህ በጥሞና ስሙኝ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ሠልጥኗል። ጠዋት የተሰጠውን ፈተና ሁሉም አልፏል፤ ወንደሰን ደግሞ አንደኛ ነው የወጣው።

መጀመሪያ የሮጠችው ኮከብ ናት፤ ወደ ልጅቷ አይደለም፣ ወደ በሩ። ተከትለዋት ግር ብለው መጡ፤ እኔ ወደ ፊት ልሄድ እነሱ ወደ ኋላ ሊሸሹ ተጋፋን። ወንበር ወደቀ። አንዱ እግሬን ረገጠኝ፣ «ይቅርታ» እንኳ አላለኝም። ከሁሉ በላይ አንድ ድምፅ ተሰማኝ።

«ክብሪት! ክብሪት አምጡ!»

ወንደሰን ነው። አስተናጋጁ ክብሪት ወረወረለት። ጫረ። አጠገቧ አልደረሰም፤ ወገቡን ሰብሮ፣ ክንዱን እስከ ጫፍ ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ እንጨቷን ወደ አፍንጫዋ ሰደደ። ኮከብ ከበሩ ላይ «ለሃጯ እንዳይነካህ!» እያለች ትጮኻለች። እንጨቷ ጣቱን አቃጠለችውና ለቀቃት፤ ምንጣፉ ላይ ከነዕማ ሹሩባ አጠገብ ወደቀች። በእጄ መትቼ አጠፋኋት።

በጎኗ አስተኛኋት። ጭንቅላቷ ወለሉን ይመታል።

«ኮትህን ስጠኝ!» አልኩት። አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

ወንደሰን ኮቱን ቁልቁል አየው። ከዚያ ቆለፈው።

ይህን አይቻለሁ። ማንም አልሆነም አይበለኝ። ኮቱን ቆለፈው!

ብኸይታ ጩኸቱን ሰምታ «ያ ቢንቲ! ቢንቲ!» እያለች፣ ልጄ ልጄ ማለቷ ነው፣ ገባች፣ የተከናነበችውን ገፋ የሚሉትን ሰፊ ጨርቅ ጠቅልላ ከልጇ ራስ ሥር አደረገች። ከኋላችን አንዱ «ምንጣፉ! ምንጣፉ!» ይላል፤ ነዕማ ሽንቷ አምልጧት ነበርና። አልዋሽም፣ ሸተተኝ። ለሃጯም እጄ ላይ ወረደ፣ ለብ ያለ ነው። እሱ ግን አላቅለሸለሸኝም። ያቅለሸለሸኝ ቀና ስል ያየሁት ነው። ጓደኞቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ግድግዳውን ተለጥፈው ቆመዋል። ግማሹ የሥልጠናውን ወረቀት አፍንጫው ላይ ይዟል፣ ግማሹ በስልኩ ይቀርጻል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ያ አዳራሽ የአህያ ባል ሞልቶት ነበር።

መንፈራገጡ ቆመ። ነዕማ በረጅሙ ተነፈሰችና እንቅልፍ ወሰዳት። እኔና ብኸይታ ተሸክመናት ወደ ኮሪደሩ ወጣን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኛናት። ከአግዳሚው አጠገብ የእጅ መታጠቢያ አለ። እዚያ ምን አየሁ? ሰልፍ። ያልነኳትን እጃቸውን ሊታጠቡ ተሰልፈዋል! ኮከብ እስከ ክርኗ ሳሙና መትታ ትፈትጋለች። ከእኔ ጋር ዓመት ሙሉ ከነዚያ ልጆች ጋር የዋለች ሴት ናት፤ አፍንጫቸውን ስትጠርግ አይቻታለሁ። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ውኃውን ከፍ አድርጋ ከፈተችው። የኔስ እጅ? እኔ ወረፋ አልደረሰኝም።

መብራት መጣ። ከአዳራሹ የዝናብ ጭብጨባ ተሰማ። የምስክር ወረቀት መስጠት ጀምረው ነበር። ስሜን ጠሩ፤ አልተነሣሁም። የሌላው ስም ተጠራ፣ እንደገና ዝናቡ ዘነበ።

ትንሽ ቆይቶ ወንደሰን ወጣ፤ የእሱንም የእኔንም ወረቀት ይዟል። ፊቱ ላይ ሐፍረት ፈለግኩ፤ እውነቴን ነው፣ ብትገኝ ትንሿም ትበቃኝ ነበር። የለችም። እንዲያውም ደስ ብሎታል።

«አየሽ ይታይሽ፣ ነገሩ በጎ ሆነ» አለኝ። «እንግዳው በዓይናቸው አዩት። ሠራተኛው ገና እንዳልበቃ እዚያው አስረዳኋቸው፤ የማጠናከሪያ ሥልጠና ቃል ገብተውልናል።» ወደ ብኸይታ ዞረ። «እናት፣ አይዞሽ። እስከዚያ ቤት ትቆይ። ከሥልጠናው በኋላ ትመለሳለች።»

የተናገርኩትን በሙሉ አልጽፈውም። «ነውረኛ» ብዬዋለሁ። «ለልጅቷ የከለከሉትን ኮት ለብሰው እንዴት ወረቀት ይቀበላሉ?» ብዬዋለሁ። የሚታጠቡትም ሰምተዋል። እሱ ግን ራሱን እየነቀነቀ፣ በእኔ እያዘነ፣ ወረቀቴን አግዳሚው ጫፍ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ደረቁን ቦታ መርጦ ነው ያስቀመጠው።

የብኸይታን እጅ ያዝኩ።

«አትስሚው። ሰኞ አምጪያት። እኔ አለሁ፣ ማንም አይመልሳትም።»

ብኸይታ አላለቀሰችም። ነዕማን ታያለች፤ ነዕማ ነቅታ ዓይኗን ታንከራትታለች፣ የት እንዳለች አላወቀችም።

«አንተ አለህ» አለችኝ። «አየሁ፣ ወላሂ። አላህ ይስጥህ። አንተ ታሞ የቀረህ ቀን፣ እሱ ከወደቀ፣ ማን ይይዘዋል?»

ኮከብ ትይዛታለች ልላት ነበር። ዘበኛው ልላት ነበር። ቀርጸውን የጨረሱትን፣ ወረቀታቸውን እያዩ በአጠገባችን እያለፉ የነበሩትን አንድ በአንድ አየኋቸው። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ስም ብቻ ነበር የምፈልገው።

ብኸይታ ጠበቀችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ልጇን አዘለችና ወጣች።