የሦስት ሰዎች ሃርሞኒካ

ወንድሜ ገነነ ሃርሞኒካ ሲነፋ አይነፋም፤ ይስባል። ሌላው ሰው ትንፋሹን ወደ ውጭ እየገፋ የሚያወጣውን ዜማ እሱ ወደ ውስጥ እየማገ ያወጣዋል። ስለዚህ የሠርግ ዘፈን እንኳ እሱ አፍ ሲገባ አልቅሶ ዝም ለማለት የሚታገል ልጅ ድምፅ ይሆናል። ሌላም አመል አለው፤ ዘፈን አይጨርስም። የመጨረሻዋ ድምፅ ላይ ሲደርስ ሃርሞኒካውን ከአፉ አንስቶ እንደተንጠለጠለች ይተዋታል። "ምነው ጨርሰው እንጂ!" ሲሉት "ሁሉንም እኔ ልሥራላችሁ እንዴ?" ይላል።

በሕይወቴ ሃርሞኒካ የሚችሉ ብዬ የምቆጥረው ሦስት ሰው ነው። ሦስቱም በደርግ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የቀበሌ ኪነት ቡድን ነበሩ። እኔ አምለሰት ከኋላ ቆመው ከሚቀበሉት ልጃገረዶች አንዷ ነበርኩ። ሁለተኛው አብዱሰመድ ነው። እሱ ምላሱን ቀዳዳዎቹ ላይ ጣል አንሳ እያደረገ ዜማውንም ምቱንም ባንድ ላይ ያመጣዋል፤ አስፋልት ላይ የሚሮጥ የጋሪ ፈረስ ነው የሚመስለው። መዳፉን ከፈት ገጠም ሲያደርግማ ተቀምጦ የሚሰማው ሰው የለም። ሦስተኛው ገብረሰንበት ነው፤ ከገበዝ ማርያም የዜማ ትምህርቱን ጥሎ ወደ ኪነት የኮበለለ የቆሎ ተማሪ። የእሱ ትንፋሽ አያልቅም። እያንዳንዷን ድምፅ ይጎትታታል፣ ያወዛውዛታል፣ ቦታዋ ሳያደርሳት አይለቃትም። መሪጌታው በዘንግ እየገረፉ ያስተማሩት ነገር ነው፤ ከአካሉ አልወጣም። በኋላ ንስሐ ገብቶ ወደዚያው ወደ ገበዝ ማርያም ተመለሰ፣ ቅስና ተቀበለ፣ ሃርሞኒካ ሁለተኛ በእጄ አልነካም ብሎም ማለ።

ሦስቱ መጋረጃ ጀርባ ቆመው ሲጫወቱ ማን ማን እንደሆነ በመጀመሪያዋ ትንፋሽ እናገር ነበር። ገነነ ሆን ብሎ እንደ አብዱሰመድ ሲጫወትብኝ እንኳ አልተሳሳትኩም። "ይቺ ልጅ ጆሮ ሳይሆን ወንፊት ነው የሰጣት" ይለኝ ነበር።

ቡሬ የሄድኩትም በዚሁ በሃርሞኒካ ጣጣ ነው። ገነነ አንገቱ ላይ ያለውን እንቅርት በኦፕራሲዮን ሊያስወጣ ተቀጠረ። ሐኪሙ "ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት ትንፍሽ እንዳትል" አለው። ወንድሜ ደግሞ መናኸሪያ ውስጥ ተራ ሲያስከብር የኖረ ሰው ነው፤ ዝም በል ከምትለው አትብላ ብትለው ይሻለዋል። "እንግዲያው በሃርሞኒካ አወራለሁ" አለ። የእሱ ሃርሞኒካ ግን አርጅቷል፤ አራተኛዋ ቀዳዳ ሞታለች። ሲጫወት እዚያች ላይ ሲደርስ ይዘላታል፤ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍተቱ ይሰማል። አብዱሰመድ ቡሬ ላይ ጨርቅ ይነግዳል፤ ከካርቶኑ ያልወጣ የጀርመን ሃርሞኒካ እንዳለው እናውቃለን። "ሄጄ አመጣልሃለሁ፣ ነገ እመለሳለሁ" ብዬ ማክሰኞ ጠዋት ተሳፈርኩ።

በነጋታው መንገዱ ተዘጋ።

መንገድ መዘጋት ምን እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው አላስረዳም። አንድ ሳምንት፣ ከዚያ ሁለተኛው። ሱቁ ሁሉ ተቆልፏል፣ ባጃጆቹ ሸራ ለብሰው አጥር ጥግ ቆመዋል። በየጠዋቱ የአብዱሰመድን የግቢ በር ገርበብ አድርጌ አስፋልቱን አያለሁ። ውሻ ይሻገራል። ከዚያ ሌላ ውሻ። ፍኖተ ሰላም እኮ ባሕር ማዶ አይደለችም፤ በመኪና ደርሼ ምሳ የምበላባት ከተማ ናት። በእግሬ ልሂድ ብዬ ሁለት ጊዜ ነጠላዬን አጣፋሁ፤ ሁለት ጊዜም አብዱሰመድ በሩ ላይ ቆመብኝ። "እኔን ረግጠሽ እለፊ" አለ። ዘበኛዬ ነህ ወይስ ጓደኛዬ አልኩት።

ሚስቱ ናዚፋ ደግ ሴት ናት። ባሏን አንቱ ነው የምትለው፤ እኔ በኪነት ልማድ "አንተ አብዱ" ስለው መጀመሪያ ትደነግጥ ነበር፣ ኋላ ለመደችው። ለእኔ ከእነሱ ሥጋ ጋር የማይነካካ ድስት ለይታ ሽሮና እንቁላል ትሠራልኛለች። ቀኑ ሁሉ አንድ ሆኖብኝ ረቡዕ መሆኑን ረስቼ እንቁላሉን ልቆርስ ስል ከፊቴ ያነሳችብኝ እሷ ናት። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሆኜም ግን ግድግዳው በየቀኑ ወደ እኔ የሚጠጋ ይመስለኝ ነበር።

በዚህ ላይ ስልኩ። ኔትወርክ ሲመጣ ወደ ቤት እደውላለሁ፤ የምታነሳው ሁልጊዜ የገነነ ሚስት እታለም ናት። ኦፕራሲዮኑ እንዴት ሆነ? "በሰላም ወጣ።" ስጪኝ እስቲ! "እንዳይናገር ተብሏል እኮ።" ይስማኝ፣ ጆሮው ላይ አድርጊው! "አሁን ገና ሸለብ አደረገው።" ነጋ ጠባ ሸለብ! ደግሞ እታለም በሠላሳ ዓመት ትዳሯ ስለ ወንድሜ ሳታማርርልኝ የዘጋችው ስልክ የለም፤ አሁን አንዲት ወቀሳ ጠፋች። "እንዴት ያለ ጨዋ በሽተኛ መሰለሽ" ትላለች። ገነነ? ጨዋ በሽተኛ?

አብዱሰመድም ባሰብኝ። ከቤቱ አራት ሃርሞኒካ አለ፤ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ወዲህ አንዱንም አልነካም። መጀመሪያ ከንፈሬ ተሰነጣጠቀ አለ። ቀጥሎ ጎረቤት ይታወካል አለ። "እዚህ ታፍኜ ልሞት ነው፤ አንድ ዘፈን ብትሰጠኝ ምን ይጎድልብሃል? ስታረጅ እንዲህ ትሰስታለህ ብዬ አላስብም ነበር" አልኩት፤ ናዚፋ እየሰማች። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ዛሬ ያንን ቀን ሳስታውስ ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀ።

"እታለም፣ ስሚኝ። መናገር ካልቻለ ሃርሞኒካውን ይጫወትልኝ። አንዲት ዘፈን። ያለዚያ ጥይትም ቢዘንብ በእግሬ እመጣለሁ።"

አጠገቤ የቆመው አብዱሰመድ ጣልቃ ገባ። "ምን ሆነሻል? በቆሰለ አንገቱ እንዴት ይነፋል?"

"መቼ ነፍቶ ያውቅና? ይስባል እንጂ!"

ከዚያ እታለም ቀጭን በሆነ ድምፅ "ነገ ጠዋት ደውይ" አለች።

በማግስቱ ማለዳ ተነስቼ ፊቴን ታጥቤ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ተዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። አዲሱን ሃርሞኒካ ከነካርቶኑ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ፤ ሲጨርስ "ይኸው በእጄ ይዤልሃለሁ" ልለው ነው። ናዚፋ በአንድ በኩል፣ አብዱሰመድ በሌላ በኩል ተቀመጡ። ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ደወልኩ።

እታለም "ይኸው" ብቻ አለች።

ሃርሞኒካው ጀመረ። የሠርግ ዘፈን ነው፤ በኪነቱ ጊዜ ሁልጊዜ መዝጊያ የምናደርገው። ወደ ውስጥ ይስባል። ያው እንደ ድሮው፣ ያ ልቅሶውን የሚታገል ልጅ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ያቺ የሞተች ቀዳዳ መጣች፣ ክፍተቷም ተሰማች፣ ዘለላት። "እሱ ነው!" ብዬ ጮህኩ። የናዚፋን ክንድ ጨበጥኩ። "እሱ ነው፤ የገዛ ሃርሞኒካው ነው፤ አየሽው?" ሳቅሁ። በአሥራ ስድስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ተከፈተ፤ አየር ገባልኝ። ናዚፋ ግን አልሳቀችም፤ ወደ ባሏ አየች።

ዘፈኑ ወደ መጨረሻው ተቃረበ። እኔም ድሮ እንደማደርገው ያቺን የመጨረሻዋን ድምፅ በልቤ ልጨርስ ተዘጋጀሁ።

እሱ ጨረሳት።

መጀመሪያ ለመተው ሞከረ። ትንፋሹ ሲያመነታ ሰማሁት፤ ሃርሞኒካውን ከከንፈሩ ሊያነሳ ሲል ሰማሁት። አልቻለም። ዘንግ ያስተማረው አካሉ እምቢ አለው። ያቺን ድምፅ ጎተታት፣ ትንሽ አወዛወዛት፣ በክብር ቦታዋ አድርሶ አሳረፋት። በዓለም ላይ ድምፅን እንደዚያ የሚያሳርፍ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ ያ ሰው ደግሞ ቄስ ነው፣ አልነካም ብሎ ምሏል፣ የሚኖረውም ገበዝ ማርያም ነው። ቄስ ገብረሰንበት በዚህ ጊዜ ያን ሁሉ አገር በእግሩ አቋርጦ ወንድሜ ቤት የሚገኘው ለምንድን ነው? መሐላውንስ የሚያፈርሰው ለምንድን ነው?

ወደ አብዱሰመድ ዞርኩ። መሬት መሬቱን ያያል፤ እንባው ጢሙ ውስጥ ገብቷል።

"መቼ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"በሄድሽ በአምስተኛው ቀን" አለ፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ኦፕራሲዮኑ ሳይደርስለት፣ ተኝቶ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለች። ዘመድ በሌለበት እንዳትረዳ፣ መንገዱ ሲከፈት እዚህ መጥተን እናረዳታለን፣ አደራ አሉኝ። ምን ላድርግ አምለሰት?"

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። በማለዳ ይመጣል፣ ዘመድ ከቦሽ፣ የሚይዝሽ እጅ ግራና ቀኝ ቆሞ። እኔም ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር፤ ለሌላ ሰው አድርጌዋለሁም። ግን እዚያች ደቂቃ ላይ ሁሉንም ጠላኋቸው። መንገዱን ጠላሁ። ከሁሉ ይልቅ ራሴን ጠላሁ፤ ወንድሜን ለአንድ መጫወቻ ብዬ ትቼው የሄድኩትን።

"አምለሰት? ሰማሽው?" አለች እታለም ስልኩ ውስጥ። "ደኅና ነው አላልኩሽም?"

ከኋላዋ ምንም ድምፅ የለም። የበግ ጩኸት የለም፣ የልጅ ጫጫታ የለም። ከዚያ አንድ ሰው በቀስታ አሳለ፣ ራቅ ብሎ ሌላው አሳለ፣ አግዳሚ ወንበር ሲጥጥ አለ። ቤቱ ሰው ሞልቷል። ቆጠርኩ፤ ለካ ያን ቀን አሥራ ሁለቱ ነው። የተዝካሩ ሰው ሁሉ እኔ እንዳልሰማ ትንፋሹን ውጦ ተቀምጧል። እታለም እነዚያን ቀናት ሁሉ፣ ስልኩ በጮኸ ቁጥር፣ እንባዋን ጠርጋ፣ ለቀስተኛውን ዝም አሰኝታ "ሸለብ አደረገው" ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። እኔ መንገድ ተዘጋብኝ እላለሁ። እሷ ባሏን እንኳ በደንብ አላለቀሰችም።

"ጎበዝ በይልኝ" ብዬ ልዘጋው እችል ነበር። ሁሉም የሚጠብቀው እሱን ነው። አፌን ከፈትኩም።

"እታለም" አልኩ፣ "ቄስ ገብረሰንበትን እግዜር ይስጥልን በይልኝ። ቆንጆ አድርገው ነው የተጫወቱት።"

አግዳሚው ወንበር እንደገና ሲጥጥ አለ።

"በቃሽ። ከእንግዲህ አትደብቂኝ። አልቅሺ፤ እኔም እዚህ አለቅሳለሁ።"

መጀመሪያ የእሷ ድምፅ ብቻ ወጣ፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ናዚፋ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቃ አሰረችልኝ። አብዱሰመድ የግቢውን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ጎረቤት ተጣራ፤ የማላውቃቸው ሰዎች እየገቡ አጠገቤ ተቀመጡ። አንዲት ሴትዮ ስልኩን ከእጄ ልትወስድ ሞከረች። አልሰጥም አልኩ። ኔትወርኩ እስኪጠፋ ድረስ ጆሮዬ ላይ ይዤው ከእነሱ ጋር አለቀስኩ።